ልኩ ያልተጻፈ ሸሚዝ

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

ጤናህ እንደምኞቴ ይሁንልኝ። እኔና ልጄ ሚጢ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

የሠራህልኝ ድረ ገጽ ገበያ አመጣልኝ። «የሰው ፎቶ አትለጥፊ፤ የራስሽን ቤት፣ የራስሽን እጅ አሳዪ፤ ሰው እውነተኛ ነገር ይወዳል» ብለኸኝ አልነበር? እንዳልከው አደረግኩ። የስፌት መኪናዬን፣ በመስኮቱ የሚታየውን የዳቦ ቤቱን ሰማያዊ በር፣ ሚጢ እግሬ ሥር ተቀምጣ ስትስቅ፣ ሁሉንም አወጣሁት። ከአባቷ ቤት ከወጣን ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አንዲት ደንበኛማ «ቤትሽ የገባሁ ያህል ተሰማኝ» ብላ ጻፈችልኝ፤ ደስ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የወንድ ሸሚዝ ታዘዘ። ሰውየው ስሙን አልጻፈም። ልክ በሚሞላበት ቦታ «ልኬን ታውቂዋለሽ» ይላል። አድራሻ በሚሞላበት «አትላኪው፤ መጥቼ እወስደዋለሁ» ይላል።

ቀልደኛ ደንበኛ ይሆናል። ለማንኛውም መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ጓዳ አስገባኋት። የበሩንም ቁልፍ አስቀየርኩ፤ ያው አሮጌ ነበር። ሚጢም ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ቀርታ እኔን ታግዛለች። ባለዳቦ ቤቱ «ምነው ጨለማ ውስጥ ትውያለሽ?» ሲለኝ ዓይኔን አሞኛል አልኩት።

አደራህን፣ መስኮቱ የሚታይበትን ፎቶ ዛሬውኑ ከድረ ገጹ አጥፋልኝ፤ ሚጢ ያለችበትንም። ብርሃኑ ስላላማረኝ ነው።

ደንበኛ ማስከፋት ጥሩ አይደለምና ሸሚዙን ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ሜትር አላስፈለገኝም።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልትጠይቀን ካሰብክ ግን፣ ሳትደውል በሩን እንዳታንኳኳ።

እህትህ