ታባን ያሰርኩባቸው ወራት

ፊክስበርግ፣ መቄሌንግ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2019

ለምወድህና ለምናፍቅህ ለሊኔዎ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ጀርባህን ያመኛል ያልከው ተሻለህ ወይ? እኛ ደህና ነን። ሊኔዎ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወላልቀው ስትስቅ ቁርጥ እናትህን ሆናለች። የካትሌሆም ሳል ለቆታል። ጣሪያውን በረዶ ሁለት ቦታ በስቶት ነበር፤ ወንድሜ መጥቶ ደፈነልን። በቆሎው ዘንድሮ አጥር አልፎ ይታያል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ መርከባችሁ የሚመለሰው ፑሶ ነው። እንዳይከፍተው በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ቢከፍተውም ግን እዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያነበው። ሳትሰማ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ድምፅህን ስሰማ አፌ የሚያወራው ሌላ ነው። ስለ ውሻው፣ ስለ ታባ በጠየቅኸኝ ቁጥር «ደህና ነው፤ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ይውላል፤ በራፍ ላይ ይተኛል» እልህ ነበር። አንዱም እውነት አልነበረም። አንድ ቀን ፎቶ ላኪልኝ ስትለኝ ስልኩ ተበላሽቷል አልኩህ። አልተበላሸም ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ባለፈው ዓመት ዘንድሮስ አትሂድ ብዬ ስለምንህ፣ አንተ ወደ እርሻዎቹ ሄደህ የአንድ ዓመት ቡርቡል የሚባል ግዙፍ የጥበቃ ውሻ በመኪና ጭነህ መጣህ። «ይኸውልሽ፣ እኔ ባልኖር የሚጠብቃችሁ» አልከኝ። ጭንቅላቱ የካትሌሆን ደረት ያክላል። «ተራራ እኮ ነው» ብለህ በቋንቋችን ታባ አልከው፤ ልጆቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ አንተ ሄድክ፤ እሱ ቀረ።

አባቴ የነጩ ገበሬ እርሻ ላይ ሲሠራ እንደዚህ ያለ ውሻ እግሩን እንደነከሰው አልነገርኩህም። ቀለሙ ሳይቀር አንድ ነው፤ እንደ ደረቅ ሣር ያለ ቡላ፣ አፉ ጥቁር። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከእህቴ ጋር በቆሎ ውስጥ ተደብቀን አየን። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላወራም። ብቻ ሙቀት ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን ሱሪውን አይሰበስብም ነበር። ለአንተ ብነግርህ ኖሮ ታባን ትመልሰው ነበር ወይ? ሳስበው እኔ የጠላሁት ውሻውን ብቻም አልነበረም። እሱን ሳይ አንተ እንደሌለህ ትዝ ይለኝ ነበር።

አንተ በሄድክ በአሥረኛው ቀን ሰንሰለት ገዝቼ ከጓሮ፣ ከአሮጌው የዶሮ ቤት ጎን ካለው ብረት ጋር አሰርኩት። ገንፎውን በአካፋ ነበር የምገፋለት። ልጆቹን ከጠጋችሁት ይበላችኋል አልኳቸው፤ ሊኔዎ ለሳምንታት ወደ ጓሮ መሄድ ፈርታ ነበር። መጀመሪያ ላይ ይጮህ ነበር። ከዚያ ያለቅስ ጀመር። ቅዝቃዜው ሲገባ ሁለቱንም ተወና ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ እየሄደ መመለስ ብቻ ሆነ። ሣሩ ተልጦ ግማሽ ክብ መንገድ ወጣለት። ሰፈሩ ሁሉ ስሜን ጠርቶ «ፑላኔ ቤት አውሬ አለ» ሲል ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። እርግጥ ነው፣ ማንም ወደ አጥራችን አይጠጋም ነበር።

የሚጠጉት ንታቴ ፓኪሲ ብቻ ነበሩ። የቀጥሎው ቤት ሽማግሌ፣ አንተ እንኳ ኮፍያውን ለቀብርም አያወልቅም እያልክ የምትቀልድባቸው። ሠላሳ ዓመት እርሻ ላይ ሲሠሩ እንደ ታባ ያሉትን ከቡችላነታቸው አሳድገዋል። ሁለት ጊዜ በአጥር ላይ ሆነው ለመኑኝ። ይህ ዘር ታስሮ አይጠብቅም፤ ቤት ይግባ፣ ከልጆቹ ጋር ይዋል፣ ማን የቤት ሰው ማን እንግዳ እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ይማር አሉኝ። በሁለተኛው ጊዜ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ልንገርህ፤ «ንታቴ፣ የሰው ጓሮ ከማየት የራስዎን አጥር ቢጠግኑ ይሻላል» አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ላሉ፣ ንታቴ ብዬ አባቴ ለምላቸው ሰው። ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ገቡ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ጃንዋሪ 10፣ ሐሙስ ነበር። ያን ሳምንት ሙቀቱ ቆርቆሮ የሚያቀልጥ ነበር። ጠዋት ልጆቹን እህቴ ጋ አድርሼ ገበያ ሄድኩ፤ ከገበያ በቀጥታ ወደ ሴቶች ጸሎት። ለታባ ውሃ ሳልቀዳለት ነው የወጣሁት። ረሳሁ ልልህ ነበር፤ ግን በር ስዘጋ ትዝ ብሎኛል፤ ስመለስ እሰጠዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጸሎት ልብሳችንን እንደለበስን ከሦስት ሴቶች ጋር ወደ ቤት መጣሁ። የጸሎታችን መሪ ማሴቻባ አንዷ ነች፤ ሻይ ልጋብዛቸው ነበር። በሩን ስከፍት ጓሮ ውስጥ አንድ ሰው አጎንብሶ አየሁ። «ሌባ» ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ቀና አለ። አንድ እጁ ላይ ባልዲ አለ። ኮፍያውን አየሁ።

የሊኔዎ አባት፣ አወቅኋቸው። ጩኸቴን የሰሙት የሰፈር ወጣቶች አጥሩን ከመዝለላቸው በፊት አወቅኋቸው። ሰንሰለቱ በብረቱ ተጠምጥሞ ታባ አንገቱን እንኳ ማንሳት እንዳልቻለ፣ ምላሱ አፈር ላይ እንደተዘረጋ፣ የውሃው ዕቃ ደርቆ እንደተገለበጠ ሁሉን ባንድ ጊዜ አየሁ። ንታቴ ፓኪሲ ለምን እንደገቡ ገባኝ። «ተዉአቸው፣ ጎረቤቴ ናቸው» ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ናት። ያን ካልኩ ግን ሴቶቹ ጓሮዬን ሊያዩ ነው። ማሴቻባ ውሻውን ልታይ ነው። አፌን ያዝኩ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ሦስት ነበሩ የሚመቷቸው፤ አንዱ ዱላ ይዟል። እሳቸው ፊታቸውን በባልዲው ከልለው ስሜን ሁለት ጊዜ ጠሩ።

ያስጣላቸው ታባ ነው። ንታቴ ሰንሰለቱን ከአንገቱ ፈትተውለት ኖሯል። እየተንገዳገደ ተነሣና ወደ ወደቁበት ሄዶ እላያቸው ላይ ቆመ፤ አራት እግሩን በዙሪያቸው ተክሎ። ማንንም አልነከሰም። ከደረቱ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ብቻ አሰማ፤ ወጣቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ያኔ እኔ ጠጋ አልኩ። ታባ ወደ እኔ ዞረና ጥርሱን አሳየኝ። ከእኔም ነበር የሚጠብቃቸው።

የትከሻ አጥንታቸው ተሰብሯል። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቃቸው ከአጥር ላይ ወድቄ ነው አሉ። በማግስቱ ዱቄትና ዶሮ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ሜሜሎ በር ላይ ቆማ አላስገባችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሰውዬውን አውቀሽዋል ወይስ አላወቅሽውም?» ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነበር አልኳት። ዶሮዋን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠቻት።

ታባ ደግሞ ወደ እኛ ቤት አልመለስም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እነሱ በር ላይ ተኛ። መጨረሻ ላይ ንታቴ ራሳቸው፣ አንድ ክንዳቸው በጨርቅ ታስሮ፣ በሌላው እጃቸው አንገቱን ይዘው አመጡት። እኔን ሳይሆን ሊኔዎን ነበር ያናገሩት። እንዳትሮጥ፣ እንዳትጮህ፣ ጎኑ ላይ ቆማ እሱ እስኪያሸታት እንድትጠብቅ አስተማሯት። ታባ አሸተታትና ሙሉ ክብደቱን እላይዋ ላይ ጥሎ ተደገፈ፤ ልጅቷ ተንገዳግዳ ግድግዳ ያዘች። እንዲህ ነው ይህ ዘር ሲወድ አሉ፤ ሊገፋሽ አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ። የማላውቀውን ሁሉ ያኔ አወቅሁ። ሲጠሩት ስሙን አንዴ ብቻ ነው፤ መጮህ አያስፈልግም። ሲበላ ልጆቹ እንዲያዩት እንጂ እንዳይነኩት። ሙቀት አይችልም፤ ወፍራም ነውና ቶሎ ይደክማል። ብቻውን መዋልን ከዱላ የበለጠ ይጠላል። ካትሌሆ አልቅሶ ሲሮጥ ቀድሞት ይሄድና መንገዱን ዘግቶ ይተኛል፤ ልጁም ማልቀሱን ትቶ ይወጣበታል። ሊኔዎ «እማዬ፣ ታባ እንደ አባዬ ያንኮራፋል» ትለኛለች። ልሃጩ ግን አይጣል ነው፤ የትምህርት ቤት ቀሚሷን በቀን ሁለቴ አጥባለሁ።

ንታቴን ግን ሰፈሩ አልማራቸውም። ልጆች ከኋላቸው «ሌባው ሽማግሌ» ይላሉ። ከተማ ውስጥ አትክልት የሚንከባከቡበት ቤት ባለቤት ወሬውን ሰምቶ አትምጣ አላቸው። ይህን ሁሉ እያየሁ ሻይ አቀርብላቸው ነበር፤ ሌላ ምንም አላልኩም። አንድ ቀን የታባን ጆሮ ገልብጠው መዥገር እንዴት እንደሚፈለግ እያሳዩኝ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ኮፍያዬን አይተሽው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። እየጠየቁኝ አልነበረም። መልስም አልጠበቁም፤ ወደ ሌላኛው ጆሮ አለፉ። እኔ እጄ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ይዤ ቆምኩ። እርሻ ላይ በቆሎ ውስጥ ሆኜ አባቴን ያየሁ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልተሰማኝም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ መጮህ አልችልም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ጸሎት ላይ ተነሣሁ። የምስክርነት ሰዓት ነበር፤ ሴቶቹ ልጄ ከሳሉ ስለዳነልኝ ላመሰግን መስሏቸዋል። «ንታቴ ፓኪሲ ሌባ አይደሉም። ውሃ ለነፈግሁት ውሻ ውሃ ሊሰጡ ነው የገቡት። ሲመቷቸው አውቄያቸው ነበር፤ ጓሮዬን እንዳታዩብኝ ዝም አልኩ» አልኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ማሴቻባ መዝሙር አነሣች። ከጸሎት በኋላ እስከ ፋሲካ የጸሎት ልብሱን እንዳልለብስ ተነገረኝ። አላማረርኩም። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ሰላምታዬን አይመልሱም። ከወጣቶቹ አንዱ ንታቴ ቤት ሄዶ በጉልበቱ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ አሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን እኔን ነው የሚስቁብኝ። የአትክልቱ ቤት ባለቤት ጋም ሄጄ ነገርኩት። ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ አለኝ። የሰበርኩትን ሁሉ መጠገን አልቻልኩም፤ እንዲህ ነው ያለው።

ንታቴ ጋ ስሄድ በር ላይ ነበሩ። ሐሙስ ያልኩትን ልነግራቸው ስጀምር «ሰምቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ታባ በልቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በልቷል አልኳቸው። ሜሜሎ ከውስጥ ወንበር አወጣችልኝና ተመልሳ ገባች።

አንተ መጥተህ ራስህ ብታናግራቸው ደስ ይለኛል። ስለ እኔ ይቅርታ ለምንልኝ ማለቴ አይደለም፤ የዚህ ቤት አባት ሆነህ ፊታቸው እንድትቀርብ ነው። በእኔም ብትቆጣ ልክ ነህ። በስልክ አትቆጣ ብቻ፤ እዚህ ሆነህ ተቆጣኝ።

ታባ አንገቱ ላይ ፀጉር የማይበቅልበት ቀለበት ቀርቶበታል፤ ስታየው እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ከእጄ ይበላል፤ ስጠራው ይመጣል። ሁሉም ላይ ይደገፋል፤ እኔ ላይ ግን እስካሁን አልተደገፈም። አልጠይቀውም።

ለፋሲካ ስትመጣ አንድ ነገር እንዳትረሳ። በሩን ከፍተህ አትግባ። ሰው ከዚህ ውሻ ጋር እንዴት እንደሚተዋወቅ ንታቴ ትናንት አሳይተውኛል፤ የቤቱ ሰው ወጥቶ የእንግዳው ትከሻ ላይ እጁን ያሳርፋል፤ ውሻው ያንን አይቶ ያምናል። ታባ ያየህ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ አሁን አያውቅህም። ስለዚህ ውጭ ቁም፤ እኔ እወጣለሁ፤ እጄን ትከሻህ ላይ አድርጌ የቤታችን ሰው እንደሆንክ አሳየዋለሁ። አንዴ ከተቀበለህ በኋላ ግን ስትሄድ በር ላይ ተኝቶ ይጠብቅሃል፤ ምግብም ይተዋል ብለውኛል። እና የምትቆየው ስንት ሳምንት እንደሆነ ከወዲሁ ጻፍልኝ፤ እንደ ቤት ሰው ላስተዋውቅህ ወይስ እንደ እንግዳ፣ እንዳውቅ።

ማዕበሉ ይረፍልህ፤ እግርህ የቆመበት ብረት አይክዳህ፤ የአባቶችህ አምላክ በሰላም ወደዚህ በር ያምጣህ። ሊኔዎና ካትሌሆ እጅህን ይስማሉ።

የልጆችህ እናት
ፑላኔ