ወንድሜ ግድግዳውን ለካው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ጣራው ተጠግኗል፤ ድመቷም ሦስት ወልዳለች።

ኑዛዜ ልጽፍ ነው ብዬሽ አልነበር? የስፌት መኪናዬን ለጓደኛዬ፣ ቁም ሳጥኑን ለአጎትሽ፣ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል አንሶላ ስሰፋለት ለኖርኩት ለአረጋውያን መርጃው፣ የቀረውን ቤት ላንቺ። ይህን ለአጎትሽ ነገርኩት፤ ምነው አፌን በቆረጠው!

ባለፈው ሰኞ ጋደም ብዬ ሳለሁ፣ የተኛሁ መስሎት፣ በገዛ ሜትሬ የዚያን ክፍል ግድግዳ ሲለካ አየሁት።

«ምነው ወንድሜ፣ ገና ሳልሞት?» ብለው፣

«አይ እቴ፣ የሁላችንም ቀባሪ አንቺ ነሽ!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን፣ «ክፍሉን ለባዳ አትሰጪም። ልጅሽም ለኔ እንዲሆን ተስማምታ ጽፋልኛለች» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በሩን በቀን እቆልፋለሁ።

እውነት ነው ልጄ? እሱን እፈራዋለሁ፤ ያንቺን መልስ ግን ከሱ አብልጬ ፈራሁ። ጽፈሽለት ከሆነም አልቆጣሽም፤ ብቻ ካንቺ አፍ ልስማው። የምፈርመው በወሩ መጨረሻ ነው።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ የማህፀኔ ፍሬ፤ የልጅ ልጅ ለማየት ያብቃሽ። ጠዋት ጠዋት አጎትሽ ስለማይመጣ ብቻዬን ነኝና ያኔ ደውይልኝ።

እናትሽ