አረንጓዴው ክር

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? እማዬስ ሳሉ ተዋት ወይስ አሁንም ደኅና ነኝ እያለች ትደብቃለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። የዓይኔን ነገር ወደ ታች ያገኙታል።

በምንሠራበት መተኮሻ ክፍል እያንዳንዳችን የተኮስነውን አንሶላ አጣጥፈን በየራሳችን ቀለም ክር እናስራለን። የእኔ ቀይ ነው። አለቃችን ጠዋት ጠዋት እስሩን ትፈታና የተቃጠለ ካገኘች ክሩን አይታ የክሩን ባለቤት ትጠራለች። እኔ አንዴ ተጠርቻለሁ፤ ከደገምሽ በሩ ያውልሽ ብላኛለች። ሥራው ከሄደ ማደሪያውም አብሮ ይሄዳል።

አጠገቤ የምትተኩስ ሴት አለች። ጸሎተኛዋ እንላታለን፤ ክሯ አረንጓዴ ነው። ካውያዋን ሳትሰካ ዓይኗን ጨፍና ታነበንባለች። ዳቦዋን ሳታካፍል አትበላም። ታማ የቀረች ካለች ሄዳ ልብሷን ታጥብላታለች። ክርስትናን እንደ እሑድ ልብስ አውልቀሽ አትስቀይው ይሉኝ አልነበር? እርስዎ ቢያዩዋት ደስ ይልዎት ነበር። እኔን ግን፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ደስ አላለኝም። ሰው በባዕድ አገር እንዲሁ በነጻ አይለሰልስም፤ ይቺ ሴት አንድ የፈለገችው ነገር አለ አልኩ።

አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ የእኔን እስር ስትፈታ አየኋት። አንድ አንሶላ መዝዛ ወደ ራሷ ክምር ከተተችና ቀዩን ክር መልሳ አሰረችው። ደሜ ፈላ። ለካ ጸሎቱ ሁሉ የእኔን ልፋት በስሟ ለማስቆጠር ኖሯል አልኩ። በማግስቱ ወጥመድ አበጀሁላት፤ አንዱን አንሶላ ሆን ብዬ አቃጥዬ እስሬ መሃል ሸጎጥኩት። ልትሰርቅ ከሆነ ይቺንም ትስረቅ። ከመውጣቴ በፊት ብፈልገው የለም።

ጠዋት አለቃ አንሶላውን ከአረንጓዴው እስር አውጥታ የማን ነው አለች። ጸሎተኛዋ ወደ እኔ እንኳ ሳታይ፣ ክሩ የእኔ ነው አለች። አለቃ ስንት ጊዜ ነው የምታቃጥይው ብላ ተቆጣቻትና ወደ ማጠቢያው ክፍል፣ ውሃ ከእግር ሥር ወደማይጠፋበት አወረደቻት። ልደሰት ሲገባኝ ያ ስንት ጊዜ የሚለው ነገር ከነከነኝ።

ወርጄ ጠየቅኋት። ዓይንሽ የቃጠሎውን ቢጫ ማየት ትቷል፣ የምታቃጥይው አይታወቅሽም፣ ብነግርሽም አታምኚኝም ነበር አለችኝ። ያኔም አላመንኳትም። ተመልሼ ገና የተኮስኩትን አንሶላ ለሌላዋ ጎረቤቴ ዘረጋሁላት። ይሄ ሁሉ ቢጫ አይታይሽም እንዴ አለች። ለእኔ የታየኝ ነጭ ብቻ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አለቃ ዘንድ ሄጄ፣ ያን አንሶላ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ የበፊቶቹም የእኔ ናቸው፣ እሷን ወደ ቦታዋ መልሻት አልኳት። ከምሳ በኋላ ነይ አለችኝ። ይህን የምጽፍልዎት መጠራቴን እየጠበቅሁ ነው። ፈርቻለሁ አባባ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታናሽ እህቴን፣ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል ይበሉልኝ። አጎቴን፣ ያ ኩርፊያው ካለፈለት፣ ሰላም ይበሉልኝ። ጸሎተኛዋም ለአባትሽ ሰላምታዬን ጻፊልኝ ብላለች፤ ምን ፈልጋ እንደሆነ እንጃ። እርስዎ ግን ሲጸልዩ ከእኔ አስቀድመው እሷን ያስቧት።

ልጅዎ
ከመተኮሻው ክፍል፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን