ስለ ሠላሳ ሰባት ቁጥር ፖስታ

ለተከበሩ የጆሮና የጉሮሮ ሕመሞች ምርምር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉሮሮዎ ሳይከረክር፣ ጆሮዎ ሳይጮህ፣ የቁም ሳጥንዎም ቁልፍ ሳይላላ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ምኞቴ ነው። እኔ በአውቶቡስ መናኸሪያ የመነሻ ሰዓት በድምፅ ማጉያ የምናገር ሴት ነኝ፤ ነበርኩ ማለቴ ነው። ድምፄ ጎርንኖ ወደ እርስዎ ከመጣሁ ወዲህ ሐኪሞችዎ ለስድስት ሳምንት ትንፍሽ እንዳልል ስላዘዙኝ፣ ባለቤቴ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ያላየውን ሰላም አይቷል፤ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። ስለ እጅ ግን የተባለ ነገር ስለሌለ ይኸው እጽፋለሁ።

ነገሬን በቁጥር ላቅርበው፤ እናንተም ሰውን በቁጥር ስለምታውቁት ይቀልላችኋል። በክኒን ጥናታችሁ መዝገብ እኔ ሠላሳ ሰባት ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ክኒኑ። ግማሾቻችን እውነተኛውን፣ ግማሾቻችን መድኃኒት የሌለበትን እንደምንውጥ፣ የትኛው ለማን እንደደረሰም ጥናቱ እስኪያልቅ እኛም ሐኪሞቹም እንደማናውቅ ስፈርም ተነግሮኛል። ገብቶኛል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የእኔ ባዶው ከሆነም ያማረ ባዶ ነው፤ ቅላቱ ከከንፈር ቀለሜ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ስለ ናሙናው። ክኒኑን ከመጀመሬ በፊት ቀጭን ካሜራ በጉሮሮዬ አስገብታችሁ፣ በድምፅ አውታሬ ላይ ነጭ ነገር አይታችሁ፣ የግማሽ ምስር ያህል ቆርጣችሁ ወሰዳችሁ። ካንሰር መሆን አለመሆኑ በአሥር ቀን ይታወቃል ተባልኩ። በአሥረኛው ቀን ስመጣ ካርዴ ውስጥ ምንም የለም። የታካሚዎች ክፍል ወደ ምርምር፣ ምርምሩ ወደ ላቦራቶሪ፣ ላቦራቶሪው ወደ ታካሚዎች ክፍል ሲልኩኝ ስለዋሉ፣ ለጤና ይበጃል የሚባለውን የእግር ጉዞ የዓመቱን በአንድ ቀን ጨርሻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛው ነው እንግዲህ ያስጻፈኝ። የመዝገብ ሠራተኛው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ውጤቴን ካርዴ ውስጥ በማስገባት ፈንታ የክኒኔ ምስጢር ከተጻፈበት ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ አሽጎታል። ላቦራቶሪውም ሌላ ቅጂ አላስቀረም። ፖስታው ከቁም ሳጥንዎ መስታወት ጀርባ ቆሞ፣ ቁጥሬ በሰማያዊ ተጽፎበት፣ በዓይኔ አየዋለሁ። ስህተት መሆኑን ሁላችሁም ወዲያው አምናችኋል፤ እንዲህ ያለ ቅንነት በሌላ መሥሪያ ቤት አልገጠመኝም። እርስዎም ራስዎ ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ፣ «እህቴ፣ ይሄን ፖስታ ዛሬ ከከፈትነው ጥናቱ ይበላሻል፤ አሥራ አራት ወር ብቻ ነው የቀረው» አሉኝ። እኔም በደብተሬ፣ የቀረው ለጥናቱ ነው ወይስ ለእኔ ብዬ ጽፌ አሳየሁዎ። ጽሑፌ እንደሚያምር ነገሩኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ፈርቻለሁ። ምራቄን በዋጥኩ ቁጥር እዚያች ቦታ የምትነካኝ ነገር ከትናንት አድጋለች ወይስ እኔ ነኝ በሐሳብ የማሳድጋት እያልኩ አንገቴን በጣቴ ስለካ እውላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሰሃን ማጠብ ጀምሯል። ሰሃን የት እንደሚቀመጥ ሳያውቅ የኖረ ሰው ነው። ስለ ውጤቱ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ ያጠበውን መልሶ ያጥባል። ከሁሉ ይልቅ እሱ ነው ያስፈራኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ጨንቆኝ የስምምነት ቅጹን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እናንተ ሥራ ስለሚበዛባችሁ ገና አልደረሳችሁበት ይሆናልና ልጥቀሰው፦ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ተሳታፊ በፈለገ ጊዜ ምክንያት ሳይሰጥ ከጥናቱ መውጣትና የራሱን ውጤት መቀበል እንደሚችል በጥቁር ተጽፏል፤ ከሥሩም የእርስዎ ውብ ፊርማ አለ። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ ሠላሳ ሰባት አይደለሁም። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከባለቤቴ ጋር መጥቼ ፖስታዬን እቀበላለሁ፤ ክፉም ይሁን ደግ፣ የእኔ ነው።

ሳይንስን ለማሳደግ አንገቷን ያዋሰች፣ አሁን ግን መልሳ የምትፈልገው፣ ለእርስዎ ያላት አክብሮት ከፍርሃቷ በጥቂቱ ብቻ የሚያንስ፣

የመናኸሪያዋ ተናጋሪ

ማስታወሻ፦ ሰኞ ወንበር ቢጨምሩ መልካም ነው። የመዝገብ ሠራተኛው የስልሳ አራታችንንም ውጤት እንዲሁ እንዳሸገው በዚያው ቅንነቱ ስለነገረኝ፣ አግዳሚው ላይ ተራ ለሚጠብቁት አሥራ አንድ ሰዎች በደብተሬ ጽፌ አሳየኋቸው። ዘጠኙ እስካሁን፣ ደህና ብንሆን ነው ዝም ያሉን እያሉ ደስ ብሏቸው ነበር የሚኖሩት።