ሁለተኛ ቁልፍ ላልወደዱት ክቡር ኃላፊያችን

ለተከበሩ አቶ ወንዱ
የምሠራበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐይቅ

ክቡር ሆይ፣ ከአንዱ ስብሰባ ወጥተው ወደ ሌላው በሚሄዱበት መንገድ ላይ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ወገብዎን ሳያምዎ፣ ድምፅዎም ሳይዘጋ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ያዘዙበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሴን ለቢሮዎ ባስገባ የት ክፍል ገብቶ እንደሚቀር ከማንም በላይ ስለማውቅ፣ በአደባባይ ልጽፈው መርጫለሁ፤ ለድፍረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ስህን ዝናው እባላለሁ። የመሬት ይዞታ ደብተር በሚሰጥ፣ ስሙን ለክብርዎ ስል በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ አገልግያለሁ። መዝገብ ቤቱ አንድ ክፍል፣ አንድ በርና አንድ ቁልፍ አለው። ቁልፉ በእርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። እርስዎ በሌሉ ቀን የአንድ ወረዳ ሕዝብ ፋይል ሁሉ አብሮዎት የሄደ ያህል ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

፩ኛ. ተማሪዎቹን ስላስመጡልን አመሰግናለሁ። በየካቲት ወር ከአራት አገር የተሰባሰቡ አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሦስት ሳምንት ሊቆዩ መጡ። የሚማሩት የአገልግሎት ንድፍ የሚባል ትምህርት ነው፤ የአንድን መሥሪያ ቤት እውነተኛ ችግር ይወስዱና አገልግሎቱን ከሚሰጠው ሳይሆን ከሚቀበለው ሰው ጀምረው እንደገና ያቅዱታል። እርስዎም “ባለጉዳይ ለምን ይመላለሳል?” የሚለውን ችግር ሰጧቸው። ሲሰጧቸው መልሱ ከኪስዎ ውስጥ እንዳለ አለመጠርጠርዎን አምናለሁ።

ልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው አልጠየቁም። አኒካ የምትባለው ፊንላንዳዊትና ከደሴ የመጣችው አስተርጓሚያቸው ሕይወት፣ ወይዘሮ ሀዲያ የተባሉ ባለጉዳይን ተከትለው ወደ አምባሰል ሄዱ። እትዬ ሀዲያ ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ያለፋቸው፣ የእርሻቸው ደብተር በስማቸው እንዲዞር የሚጠይቁ ሴት ናቸው። የባላቸው ወንድም “ደብተር ካላሳየሽኝ ሰኔ ላይ በሬዎቼን አስገባለሁ” ብሏቸዋል። ሁለቱ ልጆች ከእትዬ ሀዲያ ቤት አድረው፣ ጎህ ሲቀድ አብረዋቸው ተነሡ። ሦስት ሰዓት በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ መጥተው ቢሯችን ሲደርሱ በሩ ተቆልፎ ነበር። እርስዎ ወልድያ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ የእትዬ ሀዲያን ጉዞ በቢጫ ወረቀት እየጻፉ ግድግዳችን ላይ ለጠፉት። እስከዚያ ቀን አሥራ አራት ጊዜ መጥተዋል፤ አሥራ አንዱን ጊዜ የተሰጣቸው መልስ “ኃላፊው የሉም፤ ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው” የሚል ነበር። አኒካ በሕይወት አማካይነት “ይህን የነገራቸው ማን ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። “እኔ ነኝ” አልኳት። አልወቀሰችኝም፤ ጻፈችው ብቻ።

፪ኛ. ስለ መስኮቱ አመሰግናለሁ። ተማሪዎቹ ሦስት ሳምንት ደክመው ያቀረቡት ምክር ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ለመዝገብ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ፣ እሱም በስህን እጅ ይቀመጥ የሚል ነበር። እርስዎ መድረኩ ላይ ፈገግ ብለው “ይህን ያህል ባሕር አቋርጣችሁ መጥታችሁ ቁልፍ ብቻ?” አሏቸው፤ አዳራሹም ሳቀ። ልጆቹ ሐይቅ እስጢፋኖስን ተሳልመው፣ ስጦታቸውን ይዘው ከተሸኙ በኋላ እርስዎ ምክራቸውን አሻሻሉላቸው። ቁልፉን አስቀርተው መስኮት አሠሩ። “የአንድ መስኮት አገልግሎት” ተብሎ በሦስት ቀለም ተጻፈበት፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እኔም ከመስታወቱ ኋላ ተቀመጥኩ። ድሮ በር ላይ ቆሜ “ኃላፊው የሉም” እል የነበርኩት ሴት አሁን በመስታወት ውስጥ ሆኜ እላለሁ። ድምፄ በደንብ ስለማይሰማ ባለጉዳዩ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቀኛል፣ እኔም ሁለት ጊዜ እመልስለታለሁ። አገልግሎታችን በእጥፍ ማደጉን በሪፖርትዎ ማስገባትዎን ሰምቼ ተደስቻለሁ።

፫ኛ. ግንቦት አሥራ ሁለት ዕለት ስለሰጡኝ ዕረፍት አመሰግናለሁ። ያን ቀን ጠዋት እትዬ ሀዲያ ለአሥራ ስድስተኛ ጊዜ መጡ፤ ዕድላቸው ሆኖ እርስዎም ነበሩ። ሊወጡ ሲቸኩሉ ለመንኩዎት፤ ከፈቱልኝና “ቶሎ ፈልጊ” ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ስልክዎ ጮኸ። ስለ አዲሱ መስኮት ገለጻ ወደሚያደርጉበት ወደ ደሴ የሚወስድዎ መኪና እየጠበቀዎ ነበር። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ አጎንብሼ ሳለሁ በሩ ሲዘጋ፣ ቁልፉም ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁ። “አቶ ወንዱ፣ እዚህ ውስጥ ነኝ” አልኩ። መኪናው ሲነሣ ተሰማኝ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ነበር። ክፍሉ ያለው ወደ ጓሮ የምታሳይ፣ ብረት የተገጠመላት አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ናት። ጥበቃችን ጁማ ደጋግሞ ደወለልዎ፤ በሦስተኛው አነሡት። ጁማም ስልኩን ወደ ብረቱ አስጠግቶ ቃልዎን አሰማኝ፤ “መድረክ ላይ ልወጣ ነው። ትጠብቅ። ሰነድ እንዳትነካ።” ከዚያ ስልክዎ ተዘጋ። ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ መሆኑን ለሩቅ አንባቢ ብቻ እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያውን ሰዓት በሩን ስደበድብ አሳለፍኩ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ጋለ፣ የወረቀቱ አቧራ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ትንፋሼ የሚያልቅ መሰለኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እትዬ ሀዲያ አልሄዱም ነበር። ዙሁርን ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ሰግደው ተመለሱና ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ በብረቱ መካከል አቀበሉኝ።

“አብሽሪ ልጄ” አሉኝ። “እኔ ላይ ሁለት ዓመት ከውጭ ተቆልፎብኛል፤ አንቺ ገና ግማሽ ቀንሽ ነው።”

“እትዬ፣ የሉም እያልኩ ስመልስዎት የኖርኩት እኮ እኔ ነኝ” አልኳቸው።

“አውቃለሁ። አንገትሽን ደፍተሽ ነበር የምትነግሪኝ። በይ አሁን ተነሺ። እዚያው ገብተሽ የለ? ፈልጊልኝ።”

ተነሥቼ ፈለግሁ። ፋይላቸውን ከታችኛው መደርደሪያ አገኘሁት። በውስጡ ደብተራቸው በስማቸው ተጽፎ፣ ፎቶግራፋቸው ተለጥፎበት፣ በእርስዎ ፊርማና በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ጸድቆ ተቀምጧል። የጸደቀበት ቀን ከአሥራ አራት ወር በፊት ነበር። ሥራው ሁሉ አልቆ የቀረው በሩን መክፈት ብቻ ነበር። ከሥሩ ደግሞ አንድ ፖስታ ወጣ፤ ባለቤቴ ወዳለበት ወደ ደሴ ለመዛወር የዛሬ ሦስት ዓመት ያስገባሁት የራሴ ማመልከቻ ነው፣ እንደታሸገ። ሰነድ እንዳልነካ ስላዘዙኝ እሱን ወደነበረበት መለስኩት።

የእትዬ ሀዲያን ግን ነካሁ። የርክክብ መዝገቡን በብረቱ መካከል አወጣሁላቸው፤ ፈረሙ፤ ጁማም በምስክርነት ፈረመ፤ ደብተራቸውን ሰጠኋቸው። ገልጠው ፎቷቸውን አዩ። ከዚያ በሻርፓቸው ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ያም ሆኖ ወደ ቤታቸው አልተነሡም፤ “አንቺ ሳትወጪ የት እሄዳለሁ” ብለው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እርስዎ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥተው በሩን ሲከፍቱ የመጀመሪያ ቃልዎ “ምን ነካሽ?” የሚል ነበር። ለጤንነቴ አስበው የጠየቁኝ መስሎኝ “ደህና ነኝ” አልኩ። ለካ የጠየቁት ስለ ሰነዱ ነበር።

በዚያው ሳምንት እትዬ ሀዲያ ደብተሩን በሽማግሌዎች ፊት ለባላቸው ወንድም አሳዩት። ሰውየው አገላብጦ አይቶ መለሰላቸው፤ በሬዎቹንም አላስገባም። መሬቱ አሁን በእትዬ ሀዲያ እጅ ተዘርቷል።

፬ኛ. በመጨረሻም ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። “ከተዘጋ ክፍል ያለ ፈቃድ ሰነድ በማውጣት” ይላል። አልክድም፤ አውጥቻለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ “ማንም ላይ አልተቆለፈም” ሲሉ ስለሰነበቱ፣ ክፍሉ ተዘግቶ እንደነበረ በፊርማዎ ስላረጋገጡልኝ ውለታዎ አለብኝ። ቅጣቱ ከመስኮቱ መነሣት ይሆናል ብዬም ተስፋ አድርጌ ነበር። የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር ግን የመስኮቱ ፕሮጀክት በስሜ ስለተመዘገበ ከቦታዬ ልንቀሳቀስ እንደማልችል ይገልጻል። እንደተረዳሁት እንዳልታመን ጥፋተኛ ነኝ፣ እንዳልሄድ ደግሞ አስፈላጊ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው ከመስታወቱ ኋላ ሆኜ ነው። ከፊቴ ስድስት ሰው ተሰልፏል፣ ከኋላዬ የመዝገብ ቤቱ በር ተቆልፏል፣ እርስዎም የሉም።

ከቢሮ ርቀው ለሚውሉበት ለእያንዳንዱ ቀን ያለኝን ልባዊ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሲቆልፉ የምገባበትን ሲከፍቱም የምወጣበትን ሰዓት በትሕትና የምጠብቅ፣

ስህን ዝናው
የአንድ መስኮት አገልግሎት ብቸኛ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ አኒካ ባለፈው ሳምንት በሕይወት በኩል ጽፋልኛለች። የፕሮጀክቱን ውጤት ለመገምገም መምህራቸውን ይዘው መስከረም ላይ ይመለሳሉ። በአዲሱ አሠራር ደብተሩን የተረከበው የመጀመሪያ ባለጉዳይ በየትኛው መስኮት እንደተስተናገደም ጠይቃለች። መልሱን ለማስፈቀድ ሁለት ቀን በርዎ ላይ ቆሜ ጠበቅሁዎት። ስላልነበሩ ራሴ “በጓሮው” ብዬ ጻፍኩላት፤ የመስኮቷንም ፎቶ ከነብረቷ ልኬላታለሁ።