በ«ም» የተዘጋው ጩኸት፦ ለ«የኮርማው ጌታ» ፊልም አዘጋጅ ለክቡር ሲኞር ፎርናሬሊ

ሮማ፣ መስከረም ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ነፍስንና ሥጋን አዋሕዶ በፈጠረ፣ የወደቀውን ሁሉ በየስሙ በሚያውቅ በእግዚአብሔር ስም ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ክቡር ሆይ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ ደኅና ነውን? አንገትዎስ? የአንገት አጥንት ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ከካቻምና ሐምሌ ወዲህ በሚገባ ስለ ተረዳን፣ ለወዳጅም ሆነ ለባላጋራ ጤና ስንመኝ ከአንገት መጀመርን ልማድ አድርገናልና በክፉ አይዩብን።

እኔ መሪጌታ ሃብተማርያም እባላለሁ፤ በዚህች ከተማ ለሚኖሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምእመናን ልጆች ንባብና ዜማ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ሲኒማ የማውቀው ነገር አልነበረም። በአሜሪካ አንድ እጁን በኮርማ ጀርባ ላይ በገመድ አስሮ፣ ኮርማው ሲዘል ሳይወድቅ የሚቆይ ሰው ሻምፒዮን ተብሎ እንደሚሸለም የተማርሁት፣ እርስዎ የአንዱን ሻምፒዮን ሕይወት «ከልደቱ እስከ ሽምግልናው እንዳለ» በፊልም እንደሚያሳዩን በማስታወቂያ ስላወጁ ነው። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ዕውቀት ስለ ጨመሩልኝ አመሰግናለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሻምፒዮኑ አይደለም፤ የተብለጽ ባል፣ የሊዋም አባት፣ ሸዋንግዛው ነው። እርስዎ በስሙ አያውቁት ይሆናል፤ በእናንተ ሰፈር «ኮንትሮፊጉራ» ይባል ነበርና፣ ማለትም ዋናው ተዋናይ መውደቅ ሲገባው በእርሱ ፈንታ የሚወድቅ ሰው። ሸዋንግዛው በላቲና መንገድ ባለ የወተት እርሻ ጎሾች ይጠብቅ ነበር። የእናንተ ሰው ቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ፣ ሥራ ፈላጊው ከሚሰበሰብበት ቦታ መጥቶ «ከብት የማይፈራ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጓደኞቹ እየሳቁ «ይኸው! የሚፈራው ሚስቱን ብቻ ነው» ብለው ገፍተው አወጡት። «ፔርሜሶህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ሲታደስ ውል እንፈራረማለን» ተባለ። ከሮማ ውጭ በሜዳ ላይ በጣውላና በአቧራ በሠራችኋት ቴክሳስ ውስጥ የሻምፒዮኑን ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ኮርማው ላይ ወጣ፤ ኮርማው ጣለው፤ ረገጠው፤ ከዚያ አልተነሣም።

እናንተ ግን ለፖሊስ በሰጣችሁት ቃል፣ ሸዋንግዛው ቀረጻው ካበቃ በኋላ ለጉጉት ብሎ ያለ ፈቃድ ወደ በረቱ ገብቶ እንደ ሞተ፣ በፊልሙ የሚታየውንም ውድቀት ዋናው ተዋናይ ራሱ እንደ ወደቀ አስረዳችሁ። ውል ስላልተገኘ መርማሪው መዝገቡን ሊዘጋው ነው። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። ሰውዬው በሥራችሁ ላይ ሞተ ወይስ አልሞተም? ከዚህ ሌላ የምንጠይቀው ነገር ስለሌለ፣ ያለኝን ምስጋና በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ዋናው ተዋናያችሁ ጀግንነት አመሰግናለሁ። በቴሌቪዥን ቀርቦ «በእኔ ፈንታ ማንም አልወደቀም» ሲል አድምጬዋለሁ፤ እንደ ወደቀ ሰው ሳይሆን እንደ ተኛና እንደ ነቃ ሰው ፊቱ ወዝ ነበረው። በዚህችው ከተማ በቀድሞ ዘመን ጳጳሱ ቅዱስ አግናጥዮስ ለአንበሳ ተሰጥቷል። የሰጡት ሰዎች ጨካኞች ነበሩ፤ ሆኖም አንበሳው የበላው ሌላ ሰው ነው ያሉበትን፣ ወይም ጳጳሱ ለጉጉት ብሎ ወደ ሜዳው ገባ ያሉበትን ጽሑፍ እስካሁን አላገኘሁም። ሥልጣኔ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ተራመደ ስላሳዩን ምስጋናዬ የበዛ ነው።

ሁለተኛ፤ በቀረጻው ወቅት በእንስሳት ላይ አንዳች ጉዳት እንዳልደረሰ ስላረጋገጡልን። ስለ ኮርማው እጅግ ተጨንቀን ነበር።

በነገራችን ላይ በሙሴ ሕግ፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳያስረው ቢቀርና ሰው ቢገድል፣ በሬውም ባለቤቱም ተጠያቂዎች ነበሩ። የእናንተ ኮርማ ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት እንደሆነ አልጠይቅም፤ የተከራየው ተዋጊ ስለሆነ ነውና።

ሦስተኛ፤ ቢሮዎ ድረስ ከተብለጽ ጋር በመጣሁ ጊዜ ስለ ተደረገልን አቀባበል አመሰግናለሁ። በሩ ላይ የተቀበለችን ወጣት እመቤት «አሎራ፣ ኖንኖ» ብላ አያትዋ አደረገችኝ፤ ዝምድናችንን አላውቅም ነበር። የመጣንበትን ስነግራት ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰችና፣ የቢሮው መልስ አንድ ቃል እንደሆነ ነገረችን፦ «ቡፋላ።» ጣልያኖች የሐሰት ወሬን በጎሽ ስም እንደሚጠሩ ተብለጽ አታውቅም ነበር። ወጣቷ የባሏን የቀድሞ ሥራ ያወቀች መስሏት «ሲ፣ ሲ፣ ቡፋላ! ጎሽ ጠባቂ ነበረ» ብላ በደስታ ራስዋን ነቀነቀች። ወጣቷም ሳቀች። እኔ ትርጓሜውን በዚያን ቀን አልነገርኋትም፤ ይህን ደብዳቤ ሳነብላት ግን ሰማች።

ውል የሌለው ሰው እናንተ ዘንድ አለመታየቱንም በዚሁ አጋጣሚ ተማርን። የኮርማውን በር የከፈተው ኣብርሃ የሚባል ልጃችን ነው፤ «አባ፣ በሩን በእጄ የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ካሜራው እየሠራ ነበር» ብሎ ለእኔም ለመርማሪውም ተናግሯል። ጠበቃችሁ ግን ኣብርሃ ራሱ ውል ስለሌለው በቦታው አልነበረም ብለው መለሱ። እንግዲህ ያልነበረ ሰው በከፈተው በር፣ ያልተቀጠረ ሰው፣ ባልተቀረጸ ሰዓት ሞተ ማለት ነው። እኛ ምሥጢረ ሥላሴን ለማስተማር ዓመታት የሚፈጅብንን ያህል የረቀቀ ነገር እናንተ በአንድ ገጽ ጨረሳችሁት።

አራተኛ፤ ስለ ማርያም። እዚህ ላይ ትንሽ እንድረዝም ይታገሡኝ።

ተብለጽ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ታስታምማለች። በቀደም ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሳቸው ቴሌቪዥኑ የእናንተን ማስታወቂያ አሳየ፤ ኮርማው ዘለለ፤ ባለ ባርኔጣው በአየር ተንሳፈፈ፤ ጩኸት ተሰማ። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ሲኞራዋ ጉልበታቸው ላይ የፈሰሰውን ሾርባ እያዩ «ይቺ ማሪያ ደግሞ ማን ናት?» ብለው ተቆጡ። ተብለጽ ወደ እኔ ደውላ የተናገረችው ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «አባ፣ ሸዋንግዛው ተጣራ።»

እርስዎ ለጋዜጠኛው በሰጡት ቃል፣ ማሪያ የተባለችው የሻምፒዮኑ ፍቅረኛ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ እንዳልነበረች፣ ፊልሙን ስትቆርጡና ስትቀጥሉ «እንደ ተአምር» እንደ መጣች፣ ጩኸቱንም ሰምታችሁ ስለ እርስዋ ትዕይንቶች ጨምራችሁ እንደ ቀረጻችሁ በደስታ ተርከዋል። የሻምፒዮኑን ቃል በሙሉ በጣልያንኛ ድምፅ ስትተኩ ይህችን ጩኸት ብቻ ለምን እንደ ተዋችኋት ሲጠየቁም «እንዲህ ያለ ጩኸት ተዋናይ ሊያወጣው አይችልም» ብለው መለሱ። ክቡር ሆይ፤ ስለ ሸዋንግዛው ከተሰጠው የምስክርነት ቃል ሁሉ እውነተኛው ይህ የእርስዎ ነው፤ አመሰግናለሁ።

በእኛ ዘንድ ማርያም ማን እንደሆነች ለሮማ ሰው ማስረዳት ባይገባኝም፣ ደረጃ ያዳለጠው፣ ድስት ያመለጣት፣ ምጥ የያዛት፣ ሁሉም ከእናቱ ስም አስቀድሞ የእርስዋን ስም እንደሚጠራ እነግርዎታለሁ። እናንተ በፊልማችሁ ቀሚሷን አሳጥራችሁ፣ በመጠጥ ቤት ቢራ ቀጂ አድርጋችሁ፣ በኮርማ ጋላቢ ጉልበት ላይ አስቀመጣችኋት። እኔ ራሴ ሃብተማርያም ነኝ፤ በእናንተ ትርጓሜ የዚያች መጠጥ ቀጂ ንብረት ሆኛለሁ። እርስዋ ይቅር ትላችኋለች፤ ልማዷ ነው። እኔ ገና ልማዱ የለኝም።

ማስታወቂያውን በኣብርሃ ስልክ ደጋግሜ አደመጥሁት። ተማሪ የቃሉን መጨረሻ እንዳይውጥ ስቆጣ የኖርሁ መምህር ነኝና የምለውን አውቃለሁ። የጣልያን «ማሪያ» አፏን እንደ ከፈተች ትቀራለች። በፊልማችሁ የሚሰማው ስም ግን ይዘጋል፤ ከ«ያ» በኋላ ከንፈር ከከንፈር ይገጥማል፤ አንዲት አጭር «ም» አለች። የእናንተ ሻምፒዮን በአሜሪካ ተወልዶ፣ በአሜሪካ አድጎ፣ የፍቅረኛውን ስም በእኛ «ም» የሚዘጋበትን ምክንያት ቢያስረዱኝ ቀሪ ዘመኔን ሲኒማ በመማር አሳልፋለሁ። ያ የተዘጋ አፍ በዚህ ዓለም ሁለተኛ አልተከፈተም። ሰውዬው ለጉጉት የገባ ሌባ አልነበረም፤ ካሜራችሁ ፊት፣ በልብሳችሁ፣ በትእዛዛችሁ፣ በስሟ ላይ ሞተ።

አምስተኛ፤ በቶር ፒኛታራ፣ ሊዋም በምትማርበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ ልጆች ከአጥር ላይ እየዘለሉ በመውደቅ «ማሪያ!» እያሉ ይጫወታሉ። ስለዚህ የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

የምንለምንዎት ነገር አንድ ነው። ያችን ጩኸት ከነሥዕልዋ፣ እንደ ተቀረጸችና ሳትነካ፣ ከፊልሙ አውጥተው ለመርማሪው ይስጡ፤ ሸዋንግዛው በሥራችሁ ላይ ሳለ ሞቷል ብለውም ይፈርሙ። ለተዋናይ የማይቻለውን ድምፅ ያወጣው ማን እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ፊልሙ ለሕዝብ የሚታየው በመጪው ዓርብ ነው አሉ፤ ጌታችን የተሰቀለበትን ቀን መምረጥዎ ሳያውቁት ቢሆንም ተገቢ ነው። በእኛ ልማድ ሰው «ማርያም!» ብሎ ሲጮኽ የሰማ ሁሉ «ትድረስልህ» ብሎ ይመልሳል፤ መንገደኛም ቢሆን፣ ጠበኛም ቢሆን። ሸዋንግዛው በጮኸ ጊዜ ግን በሜዳው ያለ ሁሉ ቀረጻው ሳይቆም ትንፍሽ እንዳይል ታዝዞ ነበር፤ ኣብርሃ ራሱም ታዝዞ ዝም አለ፤ ያች ዝምታ እስካሁን እህል አላስበላ ብላዋለች። እስከ ዛሬ ማንም አልመለሰለትም።

ስለዚህ እንመጣለን። ከተርሚኒ ዙሪያ፣ ከቶር ፒኛታራ፣ አሮጊት ከሚያስታምሙበት ቤት ፈቃድ ያገኙት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ትኬታቸውን ቆርጠው፣ በጸጥታ ይቀመጣሉ። ፊልማችሁን አንረብሽም። ጩኸቱ ሲሰማ ብቻ እንነሣለን፤ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ትድረስልህ» እንላለን፤ አቡነ ዘበሰማያትም እናደርሳለን፤ ከዚያ እንወጣለን። በማግስቱም ሌሎቻችን እንመጣለን፤ ጩኸቱ በፊልሙ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ፊልሙም በሄደበት ከተማ ሁሉ ወገኖቻችን ስላሉ፣ መልሱ አይቋረጥም። እስከ ዓርብ ድረስ አውጥተው ለመርማሪው ከሰጡት ግን ከቤታችን ሆነን እንጸልይልዎታለን።

እግዚአብሔር እርስዎንና ቤተ ሰብዎን ይባርክ፤ ከቤትዎ ለሥራ የሚወጣ ሁሉ በእግሩ ይመለስ፤ በጭንቅ ቀን የሚጠራውም ስም የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይታጣበት፤ ይህን የሚያነብ ቤት ሁሉ በሰላም ይደር፤ አሜን።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ በሕግ ፊት ያልሞተውን ሰው በእጄ የገነዝሁ፣

መሪጌታ ሃብተማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማስታወቂያችሁ ከውድቀቱ በኋላ ተዋናያችሁ ልብሱን አራግፎ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ይቆማል፤ ሕዝቡም ያጨበጭብለታል። ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ አጠገባችን የነበረችው ሊዋም፣ «አባ፣ የሚወድቅበትን ይቁረጡት፤ የሚነሣበትን ግን እንዳይቆርጡት ንገራቸው» ብላ አደራ ሰጥታኛለች። የሚነሣው ሌላ ሰው መሆኑን ልነግራት አፌ አልታዘዘልኝም። እርስዎ የሰውን ሕይወት በጣልያንኛ አሳምረው መጻፍ ያውቁበታልና፣ እባክዎ እርስዎ ይጻፉላት።