ጠበል የጠጣ ኦፓል

ውድ ደጊቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔስ ደስ ብሎኛል፤ ደስታውን ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ። ስልክ ብደውል ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ፤ አውቅሻለሁ።

ንፋስ መውጫ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ የአንጥረኛ ልጅ መሆኔን እያወቅሽ ከምሳዬ ትበይ ነበር። ሀናን የወለድሽ ጊዜ፣ በሰማንያ አምስት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልልሽ ስገባ ግን የሕፃኗን ፊት በነጠላሽ ሸፈንሽብኝ። "ምነው?" ብልሽ "ብርድ ነው" አልሽ፣ እሳት ዳር ተቀምጠን። እናትሽ ከጓዳ ሆነው "የቀጥቃጭ ዓይን ከብርድ ይብሳል" ሲሉ ሳቅሽ። እሳቸውን ነፍሳቸውን ይማር። ሳቅሽን ግን አልረሳሁትም።

አባቴ ሲሞት ወናፉንም ጉጠቱንም እኔ ወረስኩ። ባለፈው ኅዳር እሱባለው ለእጮኛው ለሀና ሐብል አሠራኝ። ማርትሬዛ ብር አቅልጬ ሠራሁና ከደላንታ የመጣ የኦፓል ድንጋይ መሐሉ ላይ ሰካሁበት። ዘንበል ሲያደርጉት አረንጓዴና ቀይ ይንቦገቦጋል። ከእጄ እሱን የሚያህል ወጥቶ አያውቅም።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሀና ከእሱባለው እናት ጋር ጠበል ወርዳ፣ ሐብሉን ሳታወልቅ ተጠመቀች። ስትወጣ ድንጋዩ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ባዶ ሆኗል። ሴትዮዋ "ጠበሉ ገለጠባት። በሳምንት ውስጥ ብርሃኑ ካልተመለሰ ሠርጉ ይቀራል" አለች።

አንቺም እየሮጥሽ መጣሽ። "ብርቱኬ፣ እኅቴ" አልሽኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እኅትሽ አልነበርኩም።

"ድንጋዩ ምን ሆኖ ነው?" አልሽኝ።

"የቀጥቃጭ ልጅ ምን ታውቃለች ብለሽ ነው?"

"ተይ እስቲ፣ የልጅነቱን ነገር። ጠበል ውስጥ ብዘፈዝፈውስ?"

አሰብኩ አሰብኩና "ዘፍዝፊው" አልኩሽ። "ሰባት ቀን። አንድ ሰዓት እንኳ እንዳታወጪው።"

ደጊቱ፣ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። እኔም የመጀመሪያ ድንጋዬን ውኃ ውስጥ ረስቼ፣ ብርሃኑ ጠፋ ብዬ አልቅሼ መስኮቱ ላይ ጥዬው፣ በአምስተኛው ቀን ሲያበራ አግኝቼዋለሁ። ደረቅ ጨርቅ ላይ ብታስቀምጪው ልጅሽ ዛሬ ባለትዳር ነበረች። አንቺ ግን ጠዋት ማታ አዲስ ጠበል እየቀየርሽ አጠጣሽው። በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ከማሰሮው ባዶውን ሲያወጡት አንቺው ነሽ አሉ የጮኽሽው።

ሀና መካነ ኢየሱስ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄደች ሲሉ ሰማሁ። እሷ ምንም አላደረገችኝም፤ ይህን አውቃለሁ። እንቅልፌን ግን አልነሣኝም።

የእሱባለው እናት ሐብሉን አምጥታ "ሌላ ድንጋይ አድርጊበት" አለችኝ። ምን በወጣኝ። ሳጥኔ ላይ አስጥቼ ተውኩት፤ በሳምንቱ እንደ ድሮው ተንቦገቦገ። ወልወል አድርጌ "አዲሱ ይኸውልሽ" ብዬ ሰጠኋት። እጄን ሳመችኝ።

እሁድ እሱባለው የአበጀን ልጅ ቃልኪዳንን ያገባል። ሐብሉ አንገቷ ላይ ይሆናል። እኔም ተጠርቻለሁ፤ ከዘመድ ጋር ነው የምቀመጠው። ለሙሽራይቱ እናት አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፦ ውኃ እንዳታስነኪው፣ ቢነካውም አትደንግጪ፣ አድርቂው።

መልስ አልጠብቅም። ደኅና ሁኚ።

ብርቱካን፣ አንጥረኛዋ